እስከ መታጠፊያው ድረስ

በኦሳካ ከተማ፣ ከቴኖጂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሁለት ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ሊተላለፉ የማይችሉበት ጠባብ መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ መካከል «የጥድ ጥላ» የሚባል ያረጀ የእንጨት ቤት ቆሞ መንገደኞችን ያሳድር ነበር። ጥዱ በጦርነቱ ዘመን ለማገዶ ተቆርጧል፤ ጥላውም ቢሆን በስተጀርባው የበቀለው ረጅም ሕንፃ እንጂ የራሱ አልነበረም። ስሙ ግን እንደ ደግ ሰው ስም ባለቤቱ ካለፈም በኋላ አልጠፋም።

የቤቱ እመቤት ኪኑዮ ትባላለች። በዮሺኖ ተራሮች ሥር ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ፣ ለገረድነት ወደዚህ ቤት መጣች። በኋላ የቤቱን ልጅ አገባች፤ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባሏን ቀበረች፤ ቤቱን ያዘች። በመጀመሪያው ቀን የተማረችው ትምህርት ግን ዕድሜዋን ሙሉ አልተለያትም። ያን ጊዜ አሠሪዋ፣ በኋላ አማቷ የሆኑት አሮጊት፣ በሩ ላይ አቁመዋት እንዲህ አሏት፦

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ እንግዳ መቀበልማ ውሻም ይቀበላል፤ ጅራቱን ቆልቶ። ሰው ሰው መሆኑ የሚታወቀው በአሸኛኘቱ ነው።»

የአሸኛኘቱም ሥርዓት ይህ ነበር። እንግዳው ሲሄድ እመቤቲቱ ደጅ ወጥታ ትቆማለች። እንግዳው መንገዱን ይዞ ይሄድና ቀዩ የፖስታ ሣጥን ካለበት መታጠፊያ ሲደርስ ዞሮ እጅ ይነሳል። እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። እንግዳው ከዓይን ሲሰወር ያን ጊዜ ትገባለች። ከዚያ በፊት ብትገባ «እሰይ፣ ተገላገልኩ» እንዳለች ይቆጠራል። እንግዳውም እሷ ገና አጎንብሳ ሳለች ቢሰወር ጀርባውን እንደ ሰጣት ይቆጠራል። ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጥል፣ ይህ ሥርዓት አይታጠፍም።

ኪኑዮ በዚህ ሥርዓት የተካነች ነበረች። እንግዶቿ ደጅ ላይ ያወለቁትን ጫማ አንሥታ፣ ጠርጋ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራ ታስቀምጥ ነበር፤ ሰውዬው ሲወጣ እግሩን ሰደድ አድርጎ እንዲሄድ። ከጫማው ተረከዝ ብቻ ማን ቸኩሎ እንደሚሄድ፣ ማን ያዘነ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንድ ነገር ግን አታውቅም። ከተማውን አታውቅም።

ይህ ቢነገር ማን ያምናል? መንገደኛው ሁሉ «እመቤት፣ ወደ ጥንታዊው ግንብ በየት ነው የሚኬደው?» ሲላት፣ «በዚህ ይውጡና፣ ባቡሩን ይያዙና፣ ወርደው ሽቅብ ነው፤ ከላይ ነፋስ አለ፣ ባርኔጣዎን ይያዙ» ትላለች። ትናንት ሄዳ የመጣች ነበር የምትመስለው። ግንቡን አልወጣችም። ወደቡን አላየችም። እንግዳ ያለበት ቤት ባዶ አይተውም፤ እንግዳ የሌለበት ቤት ደግሞ ይጠረጋል፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ የመስኮቱ ወረቀት ይለጠፋል። ስለ ነፋሱም ቢሆን የነገራት ሌላ መንገደኛ ነው። ከመንገደኞቿም ሁሉ አብልጦ ከተማውን የነገራት ኢናባ ነበር።

ኢናባ በወዲያኛው ባሕር ዳርቻ ባለ መንደር ዓሣ ሰንጥቆ፣ ጨው ነስንሶ፣ በነፋስ እያደረቀ የሚሸጥ ሰው ነው። በየዓመቱ በኅዳር፣ ባሕሩ በብርዱ ወራት ከመቆጣቱ በፊት፣ ወደ ኦሳካ ይመጣና ሦስት ሌሊት ያድራል። በመጣ ቁጥር የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምክንያቱም ሚስቱ ወገቧን ታማ ከአልጋ የማትነሣ ነበረችና፣ ገና በመጀመሪያው ጉዞው «አንተ እይልኝና ንገረኝ፤ ግን ብዙ አትይ፣ ብዙ ያየ ሰው አጥርቶ አይናገርም» ብላው ነበር።

ታዲያ ማታ ማታ፣ እራቱን ከበላ በኋላ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እመቤት፣ እስቲ ልለማመድብዎት» ይላል።

አንድ ዓመት የእንስሳቱን ግቢ አይቶ መጣ። ኪኑዮ አዳመጠችውና፣ በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ፣ «ኢናባ ሳን፣ ዝሆኑን ቶሎ ጨረሱት። ባለቤትዎ ስለ ጆሮው ሳይጠይቁዎት አይቀሩም» አለችው።

«ጆሮውንማ አላስተዋልኩም።»

«እንግዲያው ነገ ተመልሰው ይዩታ!»

በማግስቱ ለዝሆን ጆሮ ሲል ብቻ ተመልሶ ሄደ።

ከዚያ ሚስቱ ሞተች። ኪኑዮ ሰምታ በዚያ ዓመት አይመጣም ብላ ነበር። እሱ ግን ኅዳር ሲሆን የደረቀ ዓሣውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ከፍ ያለውን የብረት ማማ አይቶ ተመለሰና ማታ እንደ ልማዱ ተረከላት። አሳምሮ ተረከ። ሲጨርስ ግን እጁን እያየ፣ «አሁን እንግዲህ ይህን ለማን ነው ይዤው የምሄድ?» አለ።

ኪኑዮ ሻይ ቀዳችለት። «እዚሁ ይተዉት» አለችው። «እኔ አስቀምጥልዎታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚያየውን አይቶ እሷ ዘንድ ይተወው ጀመር።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው መሬት ከወርቅ በተወደደበት በዚያ ዘመን ነው። ቤቱ የቆመበት መሬት የሌላ ሰው ነበርና ባለቤቱ ሸጠው፤ «የጥድ ጥላ» ከአዲሱ ዓመት በኋላ ሊፈርስ ሆነ። በቶኪዮ አጠገብ የሚኖረው ልጇ ሳዳኦ መጥቶ፣ «እማዬ፣ ክፍል አዘጋጅተንልሻል፤ ፀሐይ ይገባዋል። ይበቃሻል አሁን፤ ጉልበትሽም ደክሟል» አላት። ኪኑዮ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ባሏ የሞተበትን ክፍል አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችና፣ «እሺ» አለች። ደረጃውም በእውነት ጉልበቷን ጨርሶት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ኢናባ። ዘንድሮ ካልነገረችው በሚመጣው ኅዳር ዓሣውን ታቅፎ ይመጣል፤ ያገኘውም ባዶ መሬት ይሆናል። ብትነግረው ደግሞ አማቷ ያስተማሯትን ሌላ ሕግ መስበሯ ነው፦ «የቤትሽን ችግር በእንግዳ ጫማ ውስጥ አትጨምሪ።»

ከመንገዱ ማዶ ከአኩሪ አተር ቶፉ እየሠራች የምትሸጠው ያዬኮ ግን ለእንዲህ ያለ ሕግ ግድ አልነበራትም። ያዬኮ በሽርጧ ኪስ ከረሜላ ይዛ የምትዞር፣ ለሚያለቅስ ሕፃንም፣ መንገድ ለጠየቀም፣ ለተሳደበም ከረሜላ የምትሰጥ ሴት ነበረች። ኢናባ በደረሰበት ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍታ ጮኸች።

«ኪኑዮ! ያ የባሕሩ ሰውዬሽ መጣ መሰል፤ የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ በራፍሽ ላይ ተሰለፉ!»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ! ይህን ሁሉ ዓመት ቤትሽ ዓሣ ዓሣ ሲሸት እኔ ዝም ብያለሁ አይደል?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገርሽው?»

«ገና አሁን ጫማውን ማውለቁ ነው።»

«ጫማውን ሲያደርግ ልትነግሪው ነዋ!»

«መጀመሪያ ብነግረው ሦስቱን ቀን አበላሽበታለሁ።»

«እንግዲያው ከሄደ በኋላ ጻፊለት።»

ኪኑዮ ቀና ብላ አየቻት። «ይህን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቴ ሻይ የጠጣውን ሰው በፖስታ ላሰናብተው?»

ያዬኮ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ በኪኑዮ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችላት።

በዚያ ዓመት ኢናባ ያየው የወንዝ ጀልባ ነበር። በመጨረሻዋ ማታ፣ ከትኩስ ሾርባው አጠገብ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወደ ወደቡ ገደማ ነው» አለ። «ድልድዩ በጣም ከፍ ብሎ ስለተሠራ ሰው በእግሩ ሊሻገረው አይችልም። ስለዚህ ከተማው ትንሽ ጀልባ አቁሟል። ነጻ ነው፤ ሳንቲም የሚጠይቅዎት የለም። ሴቶች ሽንኩርት በሳይክላቸው ላይ ጭነው ይገባሉ፤ ተማሪዎች ይገባሉ። ሁሉም ዝም ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ሞተሩ ዱክ ዱክ ይልና፣ ገና 'ጀልባ ላይ ነኝ' ሳይሉ ማዶ ደርሰዋል።»

«ማዶ ምን አለ?»

«ምንም! ፋብሪካ ነው። እኔም የምሠራው ነገር ስለሌለኝ ተመልሼ ገባሁ። ደግሞ ተሻገርኩ፤ ደግሞ ተመለስኩ። በኋላ ጀልበኛው፣ 'አጎቴ፣ ቤትዎ ጠፋብዎት?' አለኝ። 'የለም፣ አገር እያየሁ ነው' አልኩት። 'አጎቴ፣ ይህ አገር አይደለም፤ ውኃ ነው' አለኝ።»

ኪኑዮ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ የከተማው ሰው እንዲህ ነው፣ ቀልድ ሳይመልስ አያሳልፍህም። ኢናባም ስትስቅ አይቶ ደስ አለው።

«እኔ የባሕር ሰው ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጀልባ ማለት ሄዶ ላይመለስ የሚችል ነገር ነው። ያ ጀልባ ግን መመለሱን ያውቃል። ሰዎቹም ያውቃሉ። ለዚህ ነው መሰለኝ ዝም ብለው የሚቆሙት።»

ኪኑዮ፣ አሁን ነው፣ አለች በልቧ።

«ኢናባ ሳን…»

«አቤት?»

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ሽማግሌው ጨው የበላውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከገላ መታጠቢያው የወጣ ፊቱ ቀልቶ፣ እንደ ሕፃን በሰላም ያያታል። ነገ ረጅም መንገድ በባቡር ይጠብቀዋል።

«…ሾርባው ቀዘቀዘብዎት እንዴ?»

«ኧረ ምላሴን አቃጠለኝ!»

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። ኪኑዮ የኢናባን ጫማ ጠረገች። ተረከዙን አየችው፤ እንደ ሁልጊዜው በቀኝ በኩል ተበልቷል። አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዞረችው። ሩዝ ቋጥራ ሰጠችው። ሁለቱም የተለመደውን ተባባሉ፤ «አደከምኩዎት»፣ «ኧረ ምን ተደረገልዎትና»፣ «ለዓመቱ በሰላም ያድርሰን»። ይህን የመጨረሻውን ያለው እሱ ነው። እሷ «አዎን» በማለት ፈንታ ጃንጥላውን አቀበለችው።

ኢናባ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። ቀዩ የፖስታ ሣጥን ዘንድ ሲደርስ ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ኪኑዮም ጎንበስ አለች።

ጎንበስ አለች፤ ግን ቀና ማለት አልሆነላትም። ቀና ካለች ይሄዳል። ከሄደ አለቀ። ስለዚህ አጎንብሳ ቆየች፤ ጥቂት ቀና አለችና መቆሙን አይታ እንደገና አጎነበሰች።

ኢናባ ግራ ገባው። እመቤት አጎንብሳ ሳለች ጀርባ አይሰጥም። ስለዚህ እሱም እንደገና እጅ ነሣ። እሷም እንደገና። እሱም ደገመ። እንግዳው ካልተሰወረ እመቤቲቱ አትገባም፤ እመቤቲቱ ካላበቃች እንግዳው አይሰወርም። ዝናቡ በሁለቱም ጀርባ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚሄደውም ባቡር በጣቢያው ማንንም ሳይጠብቅ ይዘጋጃል።

በዚህ መካከል የሩዝ ነጋዴው በሳይክሉ ወደ መንገዱ ገባ። ከፊቱ አንዲት ሴት አጎንብሳለች፤ ዞር ሲል ከኋላው አንድ ሽማግሌ አጎንብሷል። ደንግጦ ወረደና በአንድ እጁ ሳይክሉን ይዞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እጅ ነሣ።

«ማን ሞተ?» አለ በሹክሹክታ።

ያዬኮ በሯን በርግዳ ወጣች። «ማንም አልሞተም! በዚህ ዝናብ ግን ሁለቱ ሊሞቱ ነው! አንዳችሁ ሂዱ፣ አንዳችሁ ግቡ፤ መንገድ ዘጋችሁ እኮ! ሰውዬ፣ ባቡሩ ሄደብዎት!»

ኢናባ ሰዓቱን አየ። በእውነትም ሄዶ ነበር። ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ማንም ሽኝት የተደረገለት መንገደኛ የማያደርገውን አደረገ፤ ተመልሶ መጣ። እመቤቲቱ ፊት ሲደርስ ጃንጥላውን በእሷ ላይ ያዘላት።

«እመቤት» አለ፣ «እርስዎ እጅ ሲነሱ አውቃለሁ። ዛሬ የነሡት ግን የሽኝት አይደለም። ምን ሆነዋል?»

ኪኑዮ መሬቱን አየች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባቡርዎን አሳለፍኩብዎት።»

«ባቡርስ የማታው አለ።»

«በሚመጣው ዓመት ይህ ቤት የለም» አለች። ቃሉ አንዴ ከወጣ ሌላውም ተከተለው። «ይፈርሳል። እኔም ወደ ልጄ ልሄድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ልነግርዎት ፈልጌ… ዓሣዎን ይዘው መጥተው እዚህ ባዶ መሬት ላይ ሲቆሙ ይታየኝና… አልቻልኩም። እንግዳን በቤት ጣጣ ማስጨነቅ ነውር ነው።»

ኢናባ ቀና ብሎ የቤቱን ጣሪያ፣ መብራቱን፣ በዝናብ የጠቆረውን እንጨት አየ።

«እኔ እዚህ የተውኳቸው ነገሮች አሉ» አለ በመጨረሻ። «ዝሆኑ፣ ማማው፣ የትናንቱ ጀልባ። እነሱስ የት ይሄዳሉ?»

«እኔ ዘንድ ናቸው። የምሄድበት ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው አልፈረሰም» አለ ሽማግሌው። ከዚያ እንደ መተከዝ ብሎ፣ «ከነዚያ ሁሉ ግን የትኛውን በዓይንዎ አይተዋል?»

ኪኑዮ በሽርጧ ጫፍ እጇን ጠረገች።

ያዬኮ ከማዶ ሆና ቀደመቻት። «አንዱንም! አንዱንም አላየች! የኦሳካ ሰው ሆና ግንቡን በወሬ ነው የምታውቀው! ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ስታሳይ እሷ አንድ ቀን አልሄደችበትም!»

«ያዬኮ!»

«ምን ያዬኮ ትይኛለሽ? ውሸት ነው?»

ኢናባ እንደ ተገረመ ኪኑዮን አያት። «ታዲያ ያንን ሁሉ ዓመት 'ከላይ ነፋስ አለ' ሲሉኝ…»

«ከቆቤ ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው የነገረኝ» አለች ኪኑዮ፣ እንደ ልጅ አፍራ።

ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁም አላባራ አለው። የሩዝ ነጋዴውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ። በመጨረሻ ኢናባ ዓይኑን በመሐረቡ ጠረገና፣ «የእኔ ባቡር እስከ ማታ የለም» አለ። «እመቤት፣ ዛሬ ከተማውን ላሳይዎት። የትኛውን ይፈልጋሉ?»

«ኧረ እንዴት ይሆናል! ቤቱን ማን ይጠብቃል? ደግሞ ያልታጠበ ሳህን…»

«እኔ አጥባለሁ፤ አልሰብርም፣ ብሰብርም ሊፈርስ ለተነሣ ቤት ነው» አለች ያዬኮ ሽርጧን እያጠበቀች። «ይልቅ ያንን የሐር ልብስሽን ልበሽ። በሽርጥ የሚዞር መንገደኛ የት አየሽ?»

ኪኑዮ ቤት ገባችና ቆየች። ስትወጣ ባሏ የገዛላትን፣ ለሰው ሠርግ ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆማ ቀረች። የመውጫ ጫማዋ ተጠርጎ፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀምጧል። በዚያ ቤት ውስጥ ለእሷ ጫማ ያዞረላት ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር። ማን እንዳዞረው ለማወቅ ቀና አለች፤ ያዬኮ ግን ሆን ብላ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር።

«ጀልባው ይሁንልኝ» አለች ኪኑዮ ጫማዋን እያደረገች። «መመለሱን የሚያውቀው።»

«መልካም። ማዶ ግን ፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካም ቢሆን አላየሁም።»

ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ ስለማይችሉ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው መንገዱን ያዙ። እየሄዱ፣ ዞር ሳይል፣ ኢናባ እንዲህ አለ፦

«የልጅዎ ቤት ከእኛ መንደር ሩቅ ነው። ግን ባቡር አለ። በበጋ ይምጡ። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ባሕሩ ከመስኮቱ ይታያል። የሚጎበኝ ነገር እንኳ ብዙም የለን፤ የሚደርቅ ዓሣ ብቻ ነው።»

«ዓሣውንማ ስንት ዓመት ሙሉ አሽትቼዋለሁ» አለች ኪኑዮ። «እስቲ ደግሞ ልየው።»

ከፊቷ ያለው ትከሻ በሳቅ ተነቀነቀ።

ቀዩ የፖስታ ሣጥን ዘንድ ደረሱ። ኪኑዮ ልታልፍ ስትል ኢናባ ቆሞ ጠበቃት። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ይህን ስፍራ ከወዲያኛው ወገን እንጂ ከዚህ አታውቀውም። እንግዶቿ ሁሉ እዚህ ቆመው ዞረዋል፤ እሷ ግን ምን እንደሚያዩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

ዞረች።

«የጥድ ጥላ» በመንገዱ መካከል ቆሟል። እንዲህ ትንሽ መሆኑን አታውቅም ነበር። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ የበሩ መብራት በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ሳይጠፋ ቀርቷል። ከመብራቱ ሥር ደግሞ ያቺ ቀልደኛ ያዬኮ፣ ሽርጧን አስተካክላ፣ ሁለት እጇን ፊት ለፊት አጋጥማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ትልቅ ማረፊያ እመቤት የነበረች ይመስል ቀጥ ብላ ቆማለች። ቀስ ብላ፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

እንዲህ ነበር ለካ። ያን ሁሉ ሰው ሲሄድ ያየው ይህንን ነበር።

ኪኑዮ ወገቧ እስከ ፈቀደላት ድረስ አጎነበሰች። ለያዬኮ፣ ለቤቱ፣ በዚያ ደጅ አቁመው ላስተማሯት አማቷ። ቀና ስትል ዓይኗ ርሶ ነበር፤ ያዬኮም ገና አልገባችም። ሁለቱም ተያዩ። ኪኑዮ እንደገና ልታጎነብስ ስትል ኢናባ ጃንጥላውን አጠፈና በቀስታ እንዲህ አላት፦

«እንሂድ እመቤት። እኛ ካልሄድን እሷም አትገባም።»